ከሕርማታ እስከ ሮም፦ የአንድ ጉብኝት ወረቀት እንዴት ተበላሸ፣ እንዴትስ ተቃና

ለምን ጻፍኩት

ጅማ ውስጥ ማታ ማታ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ቀን ደግሞ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ባለች ትንሽ የጽሕፈት ቤት ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ ቅጽ እሞላለሁ። ወደ ውጭ ለመሄድ ወረቀት የሚያሰናዳ ሰው በየሳምንቱ ይመጣል። አብዛኛው «የምቸገረው እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለሆነ ነው» ይለኛል። እኔም ለረጅም ጊዜ እንደዚያ አምን ነበር። በ2017 ዓ.ም. ያገዝኳቸው ባልና ሚስት ግን ሐሳቤን አስለወጡኝ። የሁለቱም እንግሊዝኛ ደህና ነበር። የተሰናከሉት ሌላ ቦታ ነው። ጉዳዩን እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። ስማቸውን አልጠቅስም፤ የድርጅቶቹንም እንዲሁ።

ባለጉዳዮቹ

ባልየው፣ ጋሼ የምላቸው፣ ሕርማታ በሚባለው የጅማ ሰፈር የእንጨት ሥራ ቤት አላቸው። አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ ጅማ የምትታወቅበትን ባለ ሦስት እግር በርጩማ ይሠራሉ። ሚስታቸው እትዬ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ናቸው። ልጆቻቸው አድገው ወጥተዋል። ከተጋቡ 30 ዓመት ሊሞላቸው ሲል አንድ ነገር ተመኙ። ጣሊያንን ማየት።

ምኞቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። የጋሼ አባት ሙያውን የተማሩት ጅማ ይኖር ከነበረ ጣሊያናዊ አናጢ ነው። በሥራ ቤቱ ዛሬም ካቻቢቴ፣ ሞርሳ፣ ቡሎን ይባላል። ሁሉም የጣሊያንኛ ቃላት ናቸው። ጋሼ «የነዚህን ቃላት አገር ሳላይ አልሙት» ይሉ ነበር። ሌላም ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1937 ተወስዶ በ2005 የተመለሰው የአክሱም ሐውልት ሮም ላይ ቆሞበት የነበረውን ቦታ በዓይናቸው ማየት ይፈልጉ ነበር።

ካናዳ የሚኖር የወንድማቸው ልጅ ይህን ሰማ። ለጋብቻቸው በዓል ስጦታ ይሁን ብሎ የጉብኝቱን ቀብድ በራሱ ካርድ ከፈለላቸው። ጉብኝቱ ሮምን፣ ፍሎረንስንና ቬኒስን የሚያካትት የ8 ቀን የቡድን ጉዞ ነው። ወደ እኔ ሲመጡ ጥቅምት ነበር። የጉብኝት ድርጅቱ የላከውን ኢሜይል አሳትመው፣ በፕላስቲክ አድርገው ይዘዋል።

የመጀመሪያው ዙር

ኢሜይሉ ላይ ያለው እንግሊዝኛ አጭር ነው። ከባድ ሰዋስው የለውም። እትዬ አንድ ጊዜ አንብበው ጨረሱት። ከዚያ ቀና ብለው ጠየቁኝ። «ፐር ፐርሰን ሼሪንግ ይላል። ከማናውቀው ሰው ጋር ነው እንዴ የምንተኛው?»

ጥያቄያቸው ልክ ነበር። ቃሉ መጋራት ነው የሚለው። በጉብኝት ሥራ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው። ሁለት ሰው አንድ ክፍል ከያዘ እያንዳንዱ ሰው የሚከፍለው ዋጋ ማለት ነው። ስለዚህ የተጻፈው ዋጋ የክፍሉ አይደለም፤ በሁለት ይባዛል። ጋሼ ያን ዋጋ ለሁለታቸው መስሏቸው ነበር።

ሌላው «ላንድ ኦንሊ» የሚለው ነው። ጋሼ «መሬት ብቻ? በባሕር አንሄድም ለማለት ነው?» አሉ። ትርጉሙ የአውሮፕላን ትኬት በዋጋው ውስጥ የለም ማለት ነው። ሆቴሉ፣ አውቶቡሱ፣ አስጎብኚው አለ። እስከ ሮም መድረሻው የራስ ነው። ይህን ቀብዱ ከተከፈለ በኋላ ማወቅ ከባድ ነው። ከታች በትንንሽ ፊደል ደግሞ «ኖን ሪፈንደብል» ይላል። ቀብዱ አይመለስም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ለድርጅቱ መጻፍ ነበረብን። አልጻፍንም። ጊዜው ሄደብን ብለን ወደ ቪዛው ሮጥን። ቅጹን አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ሞላ። ሰነዶቹን አንድ የትርጉም ቤት ተረጎመ። ማመልከቻ ደብዳቤውን እኔ ጻፍኩ። ሦስታችንም የየራሳችንን ሠራን። የሌላውን ሥራ ያየ የለም።

በኅዳር መጨረሻ አዲስ አበባ ሄደው አስገቡ። ቀጠሮው «09:00» ይላል። ጋሼ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት መስሏቸው ጠዋት ዘመድ ሊጠይቁ አስበው ነበር። ዋዜማ ማታ ደውለውልኝ ነው የተረፉት። የፈረንጆቹ 9 ሰዓት የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት ነው።

መልሱ በጥር አጋማሽ መጣ። ውድቅ ሆኗል።

ውድቅ ያደረገው ወረቀት

ጣሊያንን ጨምሮ ብዙ የአውሮፓ አገሮች የሚጋሩት ቪዛ ሸንገን ይባላል። የሸንገን ቪዛ መከልከያ ደብዳቤ ለሁሉም አገር አንድ ዓይነት ቅጽ ነው። ምክንያቶቹ ተዘርዝረው ታትመዋል። የእርስዎ የሆነው ላይ ምልክት ይደረጋል። የእነሱ ላይ ሁለት ቦታ ምልክት ተደርጓል። አንዱ ስለ ጉዞው ዓላማና ሁኔታ ያቀረባችሁት መረጃ አያስተማምንም ይላል። ሁለተኛው ቪዛው ከማለቁ በፊት ለመውጣት ባላችሁ ሐሳብ ላይ ምክንያታዊ ጥርጣሬ አለን ይላል።

እትዬ ወረቀቱን ደጋግመው አነበቡት። «ሠላሳ ዓመት አስተምሬ፣ ቤቴን ጥዬ እዚያ ልቀር?» አሉ። ድምፃቸው ተሰበረ። ቤተሰብ እንዲህ ያለ ወረቀት ሲደርሰው እንደ ስድብ ነው የሚሰማው። እኔ ግን ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ። ወረቀቱ ስለ ሰዎቹ አይደለም የሚያወራው። ባለሥልጣኑ እትዬን አያውቃቸውም። የሚያውቀው የላክንለትን ወረቀት ብቻ ነው። እንግዲህ ወረቀታችን ስለ እነሱ ምን ብሎ ነው የተናገረው?

ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉንም ወረቀት አንድ ላይ ለማየት ተቀጣጠርን።

ጠረጴዛው ላይ የተገኘው

እሁድ ከሰዓት በሥራ ቤቱ ተገናኘን። ጋሼ የመላጊያ ጠረጴዛውን ፍቅፋቂ በክንዳቸው ጠረጉ። ፓስፖርቶቹን መሐል አስቀመጥን። ሌላውን ሁሉ ከጎን ደረደርን። ጋሼ ከጆሯቸው ላይ የአናጢ እርሳሳቸውን አወረዱ። እንጨት ሊቆርጡ ሲሉ እንደሚያደርጉት አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አነበቡ። ፓስፖርቱ ከሚለው ጋር ያልገጠመውን ሁሉ አሰመሩ። አምስት ቦታ አሰመሩ።

የመጀመሪያው ስም ነው። የጋሼ አባት ስም በ«ጥ» ይጀምራል። ፓስፖርቱ ላይ በ«ቲ» ነው የተጻፈው። ንግድ ፈቃዳቸው ግን በአፋን ኦሮሞ ነው የወጣው። አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ ደግሞ «ጥ» የሚጻፈው በ«ኤክስ» ፊደል ነው። «ጭ» በ«ሲ» ነው። ረጅም የሆነ አናባቢ ሁለት ጊዜ ይጻፋል። እኛ ጅማ የምንኖር ሰዎች ይህን ሳናስበው እናነበዋለን። ተርጓሚው ስሙን ከቁቤው ላይ እንዳለ ገልብጦ እንግሊዝኛው ውስጥ አስገብቶታል። አፋን ኦሮሞ ለማያውቅ ሰው በ«ኤክስ» የሚጀምርና በ«ቲ» የሚጀምር ስም ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ስለዚህ ንግድ ፈቃዱ የሌላ ሰው ይመስላል። ጋሼ ሥራ የሌላቸው ሰው ሆነው ቀረቡ ማለት ነው።

ሁለተኛው የልደት ቀን ነው። የልደት ምስክር ወረቀታቸው 12/04/1958 ይላል። ታኅሣሥ 12 ቀን 1958 ዓ.ም. ነው። ፓስፖርቱ ዲሴምበር 21 ቀን 1965 ይላል፤ ልክ ነው። የትርጉም ቤቱ ግን ቀኑንና ወሩን እንዳለ ትቶ ዓመቱ ላይ 8 ደምሮ 12/04/1966 ብሎ ጻፈው። ባለሥልጣኑ ይህን የሚያነበው አፕሪል 12 ወይም ዲሴምበር 4 ብሎ ነው። የትኛውም ከፓስፖርቱ ጋር አይገጥምም። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ ያለ ቀን ላይ የሚደመረው 7 ነው። 8 የሚደመረው ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን ላለው ነው። ዓመቱን ብቻ ሳይሆን ወሩንና ቀኑንም መለወጥ ያስፈልጋል።

ሦስተኛውን ሳየው ደነገጥኩ። የእትዬ ትምህርት ቤት የሰጠው ደብዳቤ ነው። በእንግሊዝኛ ነው የጻፈው። በእኛ አነጋገር «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ከሥራ ለቀናታል» እንላለን። እንግሊዝኛው ደግሞ ቃል በቃል «ሪሊዝድ ፍሮም ሃር ዱቲ» ይላል። ፈረንጅ ይህን ሲያነብ ከሥራ ተሰናብታለች ብሎ ሊረዳው ይችላል። ትመለሳለች የሚል ቃል ደብዳቤው ውስጥ የትም የለም። እትዬ መምህርት መሆናቸውን ሊመሰክር የተጻፈው ደብዳቤ ሥራ እንደሌላቸው መሰከረባቸው። ጠረጴዛው ላይ ለትንሽ ጊዜ ማንም አልተናገረም።

አራተኛው የባንክ መግለጫው ነው። ከማመልከታቸው ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ድንገት 380,000 ብር ገብቷል። እቁብ ወጥቶላቸው ነው። ለእኛ ግልጽ ነው። ለሌላው ግን ለማሳያ ተበድሮ ያስገባው ገንዘብ ይመስላል።

አምስተኛው ክፍያው ነው። ቅጹ ወጪውን ማን ይሸፍናል ብሎ ይጠይቃል። ጉዳይ አስፈጻሚው «አመልካቹ ራሱ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገ። አብሮ የተያያዘው የቀብድ ደረሰኝ ግን በወንድማቸው ልጅ ስም ነው። ሰውየው ማነው? ለምን ከፈለ? አንድ መስመር ማብራሪያ የለም።

ከአምስቱ አንዱም የሰዋስው ስህተት አይደለም። አንዱም ውሸት አይደለም።

ያደረግነው

ትርጉሙን በአዲስ አሠራነው። ስሙ እንደ ፓስፖርቱ ተጻፈ። ከታች ደግሞ በአፋን ኦሮሞው ሰነድ ላይ ስሙ በቁቤ አጻጻፍ እንደተጻፈና የአንድ ሰው ስም እንደሆነ ተርጓሚው ማስታወሻ አደረገበት። ጋሼ ከቀበሌም ይህንኑ የሚገልጽ ደብዳቤ አወጡ። የልደት ቀኑ ወሩ በቃል እየተጻፈ በሁለቱም አቆጣጠር ሰፈረ። ወር በቃል ከተጻፈ ቀንና ወር አይምታታም።

የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። ርዕሰ መምህሩ «እኛ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምንጽፈው» አሉ። እትዬ ተረጋግተው አስረዷቸው። በመጨረሻ «ኢዝ ኦን አኑዋል ሊቭ» እና «ዊል ሪዙም ዱቲ» የሚሉት ሁለት ሐረጎች ገቡ። በዓመት ዕረፍት ላይ ናት፣ በዚህ ቀን ሥራ ትጀምራለች ማለት ነው። የቅጥር ዘመናቸውና ደመወዛቸውም ተጨመረ።

ለእቁቡ የእቁቡ ዳኛ ደብዳቤ ጻፉ። ጋሼ በየወሩ ስንት እንደጣሉና መቼ እንደወጣላቸው ይዘረዝራል። በየወሩ ከባንክ ወጪ የሆነው ገንዘብ ከመዋጮው ጋር ይገጥማል። በእንግሊዝኛው እቁብ የሚለውን ቃል አልጣልነውም። እቁብ ብለን ጽፈን «ሮቴቲንግ ሴቪንግስ ግሩፕ» እንደሆነ አስረዳን፤ በተራ የሚደርስ የቁጠባ ማኅበር።

ከዚያ የእኔ ደብዳቤ። የመጀመሪያው ሁለት ገጽ ነበር። «ዊዝ ዱ ሪስፔክት» ብሎ ይጀምራል። ስለ መልካም ፈቃዳቸው ያመሰግናል፣ በትሕትና ይማጸናል። ትምህርት ቤት የተማርነው የማመልከቻ አጻጻፍ ነው። ሁለት ገጽ ሙሉ ልመና እንጂ መረጃ የለበትም። አዲሱ ግማሽ ገጽ ሆነ። እኛ ማን ነን፣ ከመቼ እስከ መቼ እንሄዳለን፣ ለምን፣ ማን ምን ከፈለ፣ ወደ ምን እንመለሳለን። የወንድማቸው ልጅ ቀብዱን በስጦታ እንደከፈለ፣ ቀሪውን ራሳቸው እንደሚከፍሉ በሁለት ዓረፍተ ነገር ተጻፈ። ቅጹም እንዲሁ ተስተካከለ። ከዚህ በፊት መከልከላቸውንም ደብዳቤው አልደበቀም፤ ምን እንደተስተካከለ ጠቀሰ።

«ለምን» የሚለው ላይ መጀመሪያ «ለጉብኝት» ብዬ ነበር። ጋሼ እርሳሳቸውን አንስተው ሰረዙት። «ካቻቢቴና ሞርሳውን ጻፍልኝ» አሉ። ጻፍኩት። የአባታቸውን ሙያ፣ የመሣሪያዎቹን ስም፣ የሐውልቱን ቦታ በሦስት መስመር አስገባሁ። ከጻፍኳቸው ደብዳቤዎች ሁሉ የምወደው ይህን አንቀጽ ነው።

ለጉብኝት ድርጅቱ ደግሞ አራት ጥያቄ ቁጥር ሰጥተን ላክን። ቀብዱ ካልተመለሰ ወደ ሌላ ቀን ይዛወርልናል? በዋጋው ውስጥ የማይካተተው ምን ምን ነው? ክፍሉ ባለ አንድ አልጋ ይሁን ወይስ ባለ ሁለት? የሁለታችንን ስም ልክ እንደ ፓስፖርታችን አድርጋችሁ ማረጋገጫ ትልኩልናላችሁ? መልሱ በሁለት ቀን መጣ። ቀብዱ አንድ ጊዜ ይዛወራል አሉ። ጥቅምት ላይ ይህን ብንጠይቅ ኖሮ ስንት ሌሊት እንቅልፍ ባላጣን። ማረጋገጫው ሲመጣ የእትዬ ስም በጋሼ ስም ተጽፎ ነበር። ፈረንጆቹ ሚስት በባሏ ስም ትጠራለች ብለው ነው። እኛ ዘንድ ሴት ስታገባ ስሟ አይለወጥም። አንድ አጭር ኢሜይል ልከን አስተካከሉት።

ያልሠራው

ጊዜው ጎዳን። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ ጠበቅ ያለ አሠራር አውጥቶ ነበር። መልስ የሚሰጥበት መደበኛ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል። ቀድሞ በፈቃድ ሊታለፍ ይችል የነበረ ሰነድም አይታለፍም። ክፍያውም በሰኔ 2016 ከ80 ወደ 90 ዩሮ አድጓል፤ ቢከለከሉም አይመለስም። ስለዚህ መጀመሪያ የተመዘገቡበት፣ በፋሲካ ሰሞን የሚሄደው ቡድን አመለጠን። ወደ ሐምሌ ተዛወርን። እ.ኤ.አ. 2025 ብዙ ምዕመናን ወደ ሮም የሚጎርፉበት የካቶሊኮች የኢዮቤልዩ ዓመት ስለነበር ክፍሉ ሁሉ «ሰብጀክት ቱ አቬይለቢሊቲ» ነበር፤ ቦታ ከተገኘ ማለት ነው። ዋጋውም ጨመረ።

ሦስት ሳምንት ያስጠናኋቸው የቃለ መጠይቅ ልምምድም አልጠቀመም። እትዬ ጥያቄና መልሱን በቃላቸው ይዘውት ነበር። መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ሁለት ጥያቄ ጠየቀች። ሁለቱንም በአማርኛ። ያን ሦስት ሳምንት ወረቀቶቹን ጎን ለጎን በማንበብ ባሳለፍነው ይሻል ነበር። የስልክ መተርጎሚያም አሳሳተን። «ሊቭ» የሚለውን አንዴ ዕረፍት፣ አንዴ መልቀቅ እያለ እትዬን ግራ አጋባቸው።

በሚያዝያ መጀመሪያ እንደገና አስገቡ። በግንቦት መጨረሻ ሁለቱም አንድ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ አገኙ።

ሌላ ሰው የሚወስደው

አሁን ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የማደርገው ፓስፖርቱን መሐል ማስቀመጥ ነው። ሌላው ሰነድ ሁሉ ከእሱ ጋር ይነጻጸራል። ስም ፊደል በፊደል፣ ቀን በቀን። በቁቤ የወጣ ሰነድ ካለ ስሙን ተርጓሚው ራሱ እንዲገምት አልተውም፤ በፓስፖርቱ ላይ ያለውን ጽፌ እሰጠዋለሁ። ደሴ ወይም ጎንደር ያለ ሰው ይህ ችግር ላያጋጥመው ይችላል። ጅማ፣ አጋሮ፣ ነቀምት ላለ ሰው ግን ይህ የየቀን ጉዳይ ነው።

የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ የመመለሻ ቀን መኖሩን አያለሁ። «ሪሊዝድ» የሚል ቃል ካገኘሁ እመልሰዋለሁ። ሰዓት ሁሉ በፈረንጅ እንደሆነ ቀጠሮው ላይ በእጄ «ጠዋት 3 ሰዓት» ብዬ እጽፍበታለሁ። ድንገት የገባ ገንዘብ ካለ፣ እቁብ ይሁን የከብት ሽያጭ፣ ከየት እንደመጣ ወረቀት ይያያዛል።

ቀብድ ከመክፈል በፊት ደግሞ ለድርጅቱ ጥያቄ ይላካል። ብዙ ሰው እንግሊዝኛዬ ያሳፍረኛል ብሎ አይጽፍም። አጭር ጥያቄ ግን የሚያሳፍር ነገር የለውም። ጋሼ ራሳቸው የጻፉት «ኢዝ ፍላይት ኢንክሉድድ?» የሚል ባለ ሦስት ቃል ጥያቄ ሙሉ መልስ አምጥቷል። የማታ ተማሪዎቼን አሁን ከሰዋስው በፊት ይህንን አስጀምራቸዋለሁ።

ከተመለሱ በኋላ

በሐምሌ ሄደው ቀናቸውን ሳያሳልፉ ተመለሱ። ጋሼ ሐውልቱ ቆሞበት በነበረው ቦታ ላይ የተነሱት ፎቶ ሥራ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ፍሎረንስ ውስጥ አንድ አናጢ ቤት ገብተው «ካቻቢቴ» ብለው ሲጠሩ ሰውየው ዘወር ብሎ አነሳና አቀበላቸው። ይህን ስንት ጊዜ እንደነገሩኝ አልቆጥርም።

ባለፈው ወር ጎረቤታቸው ልጁን ሊጠይቅ ወደ ውጭ ለመሄድ ወረቀቱን በፌስታል ይዞ መጣ። እኔም እዚያው ነበርኩ። ጋሼ የሚልጉትን ሳንቃ አነሱ። ፍቅፋቂውን በክንዳቸው ጠረጉለት። «ፓስፖርትህን አውጣ» አሉት። «የልደት ወረቀትህስ? ስምህ በቁቤ ምን ይላል?»